የመንቀያው ረድፍ

የሻይ ብርጭቆ እያጠበች በጓዳው መስኮት ቀና ስትል አየቻቸው። አራት አምስት ልጆች በአትክልቱ መሃል ቁጢጥ ብለው ችግኝ ይነቅላሉ። የነቀሉትን ወደ ፀሐይ ያነሱታል፣ ያገላብጡታል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሄዳሉ።

ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆውን የት እንዳስቀመጠችው እንኳ አላወቀችም። አረፋ በሚንጠባጠብ እጇ በጓሮው በር ወጣች።

"እናንተ! ምን እያደረጋችሁ ነው?"

ልጆቹ ክው አሉ።

"ወንድሜን ትናንት እኮ ነው የቀበርነው! አፈሩ ሳይደርቅ የተከለውን ትነቅሉበታላችሁ? ይሄ ነው ውለታው? ውጡልኝ! ሁለተኛ እዚህ እንዳላያችሁ!"

ከመሃላቸው ረዘም ያለችው ልጅ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ አየቻትና መልሳ ዘጋችው። ችግኞቹን መሬት ላይ አስተኝተው፣ ጫማ ጫማቸውን እያዩ ወጡ። የአጥሩን በር ከኋላቸው ቆለፈች። ስትጮህ እንባዋ ይወርድ እንደነበር ያወቀችው አንገቷ ሥር ሲቀዘቅዛት ነው። ቀብሩ ላይ እንኳ ጠብ አላለላትም ነበር።

ሳሎን የተቀመጡት ለቀስተኞች ጩኸቱን ሰምተዋል። ባለሱቋ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

"ደግ አደረግሽ። የዛሬ ልጅ ምኑ ይታመናል!"

ከሌላ ከተማ ለለቅሶ የመጣው ታላቅ ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔም የምልሽ ይኼንኑ ነው። ቦታውን በግንብ ላሳጥረው። አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ለማከማቻ ይፈልገዋል። የሁለታችን ነውና አንቺ እሺ በይኝ ብቻ።"

"ተወኝ እስቲ ዛሬ፣ ጋሼ።"

እንቢ አላለችም። እንቢ ማለት የሚቀናት ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ጉልበቱም አልነበራት።

ከዚያ ወዲህ ለቀስተኛ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ "እግዜር ያጥናሽ" ይላል፣ ይሄዳል። ሻይ ታቀርባለች። ሹክሹክታው ጓዳ ድረስ ይሰማታል።

"ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ፤ ምን ትቶ ሄደ?"

"ጓሮው ልጅ በልጅ አልነበር እንዴ!"

"የሰው ልጅ ነዋ። የሰው ልጅ ማታ ወደ ቤቱ ነው።"

ሟቹ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው ታናሿ። ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ አሏት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ በዚህ ቤት የቀሩት ሁለቱ ነበሩ፤ እሷ ከስፌት መኪናዋ ጋር፣ እሱ ከመፍቻውና ከዝገቱ ጋር።

ጓሮው ያኔ የተጣለ ጎማና የስሚንቶ ስብርባሪ የሞላበት ባዶ ቦታ ነበር። አንድ ቀን ቱቦ ሊቀብር ቦይ ሲቆፍርበት የሰፈሩ ልጆች መጥተው ከአፋፉ ቆሙ።

"ምንድን ነው የምታዩት?" አላቸው።

"ትሉን" አሉት።

አካፋውን ጥሎ እሱም አብሯቸው ትሉን ሲያይ ዋለ። በማግስቱ ተመልሰው መጡ። ከዚያ የአንዱ አባት ዶማ ይዞ መጣ፣ የሌላዋ እናት አግዳሚ የሚሆን ሳንቃ አመጣች፣ ቀለም ቀቢው አንድ አሮጌ በር ጥቁር ቀብቶ ሰሌዳ አደረገላቸው። ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ የማይገኝ ልጅ ጠፋ። ልጆቹ "ጋሽ ቧንቧ" አሉት፤ ወላጅም ባለሱቅም በዚያው ጠራው።

"አንተ ደግሞ፣ ስለ ተክል ምን ታውቅና ነው የምታስተምረው?" ትለው ነበር።

"ምንም" ይላታል እየሳቀ። "እታለም፣ ነይ አንቺም ተቀመጪ።"

"የምሰፋው ቀዳዳ መች አነሰኝና ሌላ የምቆፍረው!"

አንድ ቀን እንኳ አልወጣችም። ጫጫታው ራሴን በጠበጠኝ ትላለች እንጂ በብርድም ቢሆን መስኮቱን ዘግታ ሰፍታ አታውቅም። አሁንም ክፍት ነው። ሰው ሲቀልላት መኪናዋ አጠገብ ቁጭ ትልና ታዳምጣለች። ወፍ ይሰማታል፤ ሩቅ መኪና ይሰማታል። ሌላ ምንም።

የለቅሶው ሰው እየሳሳ በመጣበት ከሰዓት በኋላ ዳቦ ቤት የምትሠራ አንዲት እናት ልጇን አስከትላ ገባች። ያቺ ረዘም ያለችው ልጅ ናት። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ልብስ ሰፊዋ ሻዩን አቀበለቻትና ከፊቷ ቆመች። "ቆይ፣ እስቲ ንገሪኝ። ለምን ነቀላችሁት?"

ልጅቷ እናቷን አየች። "ተናገሪ እንጂ" አለቻት እናቷ።

"እትዬ፣ እሱ እኮ የመንቀያው ረድፍ ነው።"

"ምን ማለት ነው?"

"ሁልጊዜ አንድ ረድፍ ለመንቀል ብቻ እንተክላለን። ሥሩ የት እንደደረሰ እየነቀልን እናያለን። ጋሽ ቧንቧ ነው ያመጣው። ጥያቄ ስንጠይቀው 'እኔ ምን አውቄ፣ ንቀሉና እዩ' ነበር የሚለው። እሱ እኮ ምንም አያውቅም ነበር!"

ይህን ብላ ደነገጠችና አፏን በእጇ ያዘች። እናቷ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ልብስ ሰፊዋ ግን ሳታስበው ሳቀች፤ ጥግ የተቀመጡት አዛውንት ዞረው እስኪያዩዋት ድረስ።

"የመጨረሻውን አብሮን ተክሎት ነበር" አለች ልጅቷ። "ችግኙ ሥር ሳይዝ እሱ ሞተ። ይዞ እንደሆነ ልናይ ነው የመጣነው።"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?"

"እያለቀሱ ነበራ።"

ማታ ታላቅ ወንድሟ ኮቱን እየለበሰ "ነጋዴው ነገ ቦታውን ሊያይ ይመጣል" አላት።

"አይምጣ።"

"ምነው?"

"አይታጠርም፣ ጋሼ።"

"የሰው ልጅ ወድቆ ቢሰበርስ? ደግሞ ስለ ተክል ምን ታውቂያለሽ?"

"ምንም" አለች። የማን መልስ እንደሆነ የታወቃት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

"ብቻሽን ነሽ እኮ፣ አንቺ ልጅ! እኔ ጋ ነይ ብልሽ አትመጪ!"

"ብቻዬን መሆኔንማ እኔም አውቃለሁ። አሳጥረኸው ስትሄድ ደግሞ እዚህ ሰው እንዳለ በምን ሊታወቅ ነው?"

"ግትር!" ብሎ ወጣ፤ ነጋዴው ግን አልመጣም።

በማግስቱ የአጥሩን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ቆመች። ልጆቹ ከመንገዱ ማዶ ግንብ ላይ ተደርድረዋል። "ኑ!" አለቻቸው። አንዱ ሌላውን አየ። ማንም አልወረደም። እንዲያ ጮኻባቸው በአንድ ቃል ይመጡልኛል ብላ መጠበቋ ለራሷም አሳፈራት። ዞር ብላ ልትገባ ስትል ረዥሟ ልጅ ብቻዋን መንገዱን ተሻገረች።

ረድፉ ጋ ሁለቱም ቁጢጥ አሉ። ጥቂት ቀርተዋል። ልጅቷ አንዱን ከሥሩ በጣቷ ቆፍራ፣ ሳትጎትት አወጣችው። እንደ ክር የቀጠኑ ነጫጭ ሥሮች አፈር ጨምድደው ይዘዋል።

"ይዟል" አለች በለሆሳስ።

ሴትዮዋ ብዙ አየችው። ለታናሿ ልትነግረው ዘወር ልትል ነበር፤ ተወችው።

ልጅቷ ጭቃ የነካ እጇን ዘርግታ የምትጠርግበት ፈለገች። ልብስ ሰፊዋ ከትከሻዋ ጥቁሩን ሻርፕ ሳብ አድርጋ ጫፉን ሰጠቻት።

"እትዬ፣ የሐዘን እኮ ነው።"

"ጥረጊ አልኩሽ።"

ልጅቷ አመነታች። ሴትዮዋ እጇን ያዘችና አንድ አንድ ጣቷን ራሷ ጠረገችላት፤ ጭቃው ካለቀም በኋላ ቶሎ አልለቀቀቻትም።