ከድንጋዩ ጀርባ

የምነግራችሁ ነገር አንዲት ጠብታ ውሸት የለበትም፤ ካለበት ይሄው የአየርላንድ ባሕር ይዋጠኝ። ኮልማን ሳሎኑ መሀል ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ተጋድሟል፤ ለቀስተኛው ሻዩን እየጠጣ ያማዋል። ያውም አገሩን ወክሎ የዋኘውን፣ አንድ ዓሣ ነባሪ ሊወዳደረው ሞክሮ አፍሮ የተመለሰውን ሰው!

«ዳኛው ከጀልባው ላይ ያየው አንድ ራስ ብቻ ነው» አለች ጎረቤታችን ዴርቭላ፣ ወደቡ ድረስ በሚሰማ ሹክሹክታ።

የመንደራችን ዓመታዊ የዋና ውድድር ከወደቡ ተነስቶ ባሕሩ መሀል ያለውን ጥቁር ድንጋይ ዞሮ መመለስ ነው። ሐሜቱ የተነሳበት ዓመት ጉም ወረደ። ኮልማንና ተፎካካሪው ፊያክራ ከሁሉም ቀድመው ነበር። ዳኛው ድንጋዩን ሲዞር ያየው አንዱን ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነ ግን አልለየውም። ኮልማን አሸነፈ። እንግዲህ ድንጋዩን ሳይዞር አቋርጦ የተመለሰው ያሸነፈው ነዋ፣ አለ አገሩ! ማስረጃ ስለጠፋ ሜዳሊያውን ሰጡት፤ ሐሜቱን መርቀው።

በለቅሶው ማግስት የኮልማንን ልጅ ሶርቻን ሜዳሊያውን ጨብጣ ጓዳ አገኘኋት።

«ክዳኑ ሳይዘጋ መወሰን አለብኝ» አለችኝ። «የሐቁ ከሆነ አብሮት ይቀበር። የሰረቀው ከሆነ ባሕር ይግባ።»

«አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«ልጅ ሆኜ ‹አባዬ፣ ዞረሃል?› ስለው ‹ሻይሽ ቀዘቀዘ› ይለኝ ነበር። ለፊያክራ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ዓሣ ሲልክ ኖረ። በንጽሕና ያሸነፈ ሰው ለተሸነፈው ዓሣ ይልካል?»

እኔም ጠረጠርኩ። ምርጥ ምርጡን ነበር የሚልከው።

ከሰዓት በኋላ ፊያክራ ከዘራውን ይዞ ገባ። እኛ ዘንድ የሟቹን እጅ ሳይነኩ መውጣት የለም፤ ያልነካውን ሰው ሟቹ በሕልሙ ይመጣበታል። ሳጥኑ መስኮቱን ተጠግቶ ስለተቀመጠ፣ ሁሉም ከበሩ በኩል እጁን ሰደድ አድርጎ፣ ነካ አድርጎ ነው የሚመለሰው።

«ንካውና ተገላገል እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ!» አለች ዴርቭላ። «የሰረቀህን ይቅር በለው።»

ፊያክራ እጁን ዘረጋ። መልሶ ሰበሰበው።

«እንደገና ሳልዞር ላቋርጥ?» አለ።

«ምን አሉ?» አለች ሶርቻ።

«እሱ ድንጋዩን ዞሮ ሲመለስ፣ እኔ ገና ሳልደርስ ስታጠፍ ዓይን ለዓይን ተያየን። አቋርጬም ቀደመኝ።»

«ታዲያ ዓሣው?»

«አልተቀየምኩህም ማለቱ ነበር። እኔ በላሁ፤ ዝም አልኩ።»

ዴርቭላ ሳንድዊቿን እንደጎረሰች ቀረች። ፊያክራ ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ በመስኮቱና በሳጥኑ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ሆዱን እየፋቀ ገባ። ሳጥኑን ሙሉውን ዞረ። ከዚያ የኮልማንን እጅ ነካ። ሶርቻም ሜዳሊያውን ከአባቷ ጣቶች ሥር ሸጎጠችው።

መቼም ምያለሁና፣ ከዚህ ሁሉ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዓሣ ነባሪው አይደለም። ፊያክራ ብቻውን እንደዞረ አድርጌ ማውራቴ ነው። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ያለ ከዘራው መራመድ አቅቶት ቆሞ ነበር፤ ክንዱን ይዛ ያዞረችው ሶርቻ ናት።