ነጭ ሽንኩርት የገባበት ቶፉ

ሜይዩን ወጥ ቤት ገብታ የተመሰገነችበት ቀን የለም። ሩዝ ስታበስል ያርርባታል፣ ሾርባ ስትሠራ ውሃ ውሃ ይላል። አማቷ ወይዘሮ ሉዋን ክፉ ሴት አይደሉም፤ ግን ከቤተ መቅደስ ጓደኞቻቸው ጋር ሲቀመጡ "የእኔ ምራት እኮ እንቁላል ስትቀቅልም እሳት አደጋ መጠራት አለበት" እያሉ ያስቁባታል። ሜይዩንም አብራ ትስቃለች፤ ሆዷ ግን ያርራል።

ባሏ ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ አልጋ የያዘ ጊዜ፣ ወይዘሮ ሉዋን በቤተ መቅደሱ የምሕረት እናት ለሚሏት ለጓንዪን ተስለው ነበር። "ልጄ ቆሞ ይሂድ እንጂ ሦስት ዓመት ሥጋም፣ ሽንኩርትም፣ ነጭ ሽንኩርትም አፌ አይገባም" ብለው። ልጁ ይኸው ዛሬ በእግሩ ይሄዳል። ስለቱም ሊያልቅ ጥቂት ወር ነው የቀረው።

ያን ቀን ጓደኞቻቸው ለምሳ ሊመጡ ነው፤ እነሱም እንደሳቸው ስለት ያለባቸው፣ ነጭ ሽንኩርት የማይቀምሱ ናቸው። ሜይዩን "ቶፉውን ለእኔ ይተዉልኝ" አለች። ከአኩሪ አተር የተሠራውን፣ እንደ አይብ የረጋውን ቶፉ ውሃው እንዲወጣለት በጨርቅ ጠቅልላ ድስት ጫነችበት። ቆራርጣ በሶያ ሶስ፣ በሰሊጥ ዘይት፣ በስኳርና በዝንጅብል ዘፈዘፈችው። ቀመሰችው፤ ምንም አይልም። ቆይታ ደግማ ቀመሰች፤ አሁንም ምንም። ያኔ ለባሏ ምግብ ካስቀመጠችው ነጭ ሽንኩርት ሁለት ፍሬ አንስታ ወቀጠችና ጨመረች።

"ኦቨን ሲገባ ሽታው ይጠፋል፤ ማን ያውቃል?" አለች ለራሷ። አይ ሜይዩን፣ ለአንዲት ምስጋና!

ሲወጣ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ፣ ሶሱ ደርቆበት፣ ሲያዩት ያስጎመጃል። እንግዶቹ ገበታውን ከበው ሲቀመጡ፣ ትልቅ ሰው ሳይቀምስ ማንም አይጀምርምና ወይዘሮ ሉዋን ቀድመው በቾፕስቲክ እንጨቶቻቸው አንድ ጎረሱ። ማኘካቸውን አቆሙ። ቀና ብለው ሜይዩንን አዩአት። ከዚያ ዋጡና ሳህኑን ስበው ደረታቸው ሥር አደረጉት።

"ይሄን ማንም አይነካብኝም!"

"ምን ነካሽ ሉዋን?" አሉ ከእንግዶቹ አንዷ፣ ወፍራሟ ዪንቹ፣ እጃቸውን እንደዘረጉ።

"ምራቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርታ ጣፈጠላት። ብቻዬን ነው የምጨርሰው። እናንተ እንጉዳዩን ብሉ።"

"ወይ ስስት! በስተርጅና!"

"አዎ፣ ስስታም ነኝ! ምን ታመጣላችሁ?"

ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ወይዘሮ ሉዋን ሳህኑ ባዶ እስኪሆን በላይ በላዩ ጎረሱ። ሜይዩን "እማዬ፣ ይተዉት..." ብላ ጀምራ ነበር።

"ዝም በይና ሻይ ቅጂ" አሏት።

ቀዳች። ዓይኗ ባዶው ሳህን ላይ ቀርቶ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው፤ በዚያም ሳቁባት።

እንግዶቹ ሲወጡ አልቻለችም። "እማዬ፣ ነጭ ሽንኩርት..."

"አፍንጫዬ አልሞተም፣ ልጄ።"

"ታዲያ ለምን በሉት? በሰው ፊት ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር እኮ!"

"ብተፋው መሳቂያ ትሆኛለሽ። ዝም ብል እነሱም ይበላሉ፣ ስለታቸው ይፈርሳል። ምን ላድርግ?" ሳህኑን ራሳቸው አጠቡት። "ስለቱን ከነገ ጀምሮ እንደ አዲስ እይዛለሁ።"

ሜይዩን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አሮጊቷ ጉልበታቸውን ይዘው እየቃተቱ በጓንዪን ምስል ፊት ተንበረከኩ።

"የበላሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ሆዳም ሆኜ ነው። ቅጣት ካለ በእኔ ይሁን፤ የልጄን እግር እንዳትነኪብኝ። ምራቴ ምንም አላጠፋችም።"

ሜይዩን "አጥፍቻለሁ" ልትል ከኋላቸው ተንበረከከች። ይሄኔ ባሏ ደረጃውን ሲወጣ ተሰማ። ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረና፣ እንዳይወድቅ እየፈራች የእግሩን ድምፅ ማዳመጥ ጀመረች።