ገንዳውን ያልቀመሰችው

በዚያ የመዳብ ልባጥ ቤት አለቃ የሚሆን ሰው መቅመስ ነበረበት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ! የበር እጀታው፣ የቧንቧ አፉ፣ የመብራት ማቀፊያው ሁሉ ተነክሮ መዳብ የሚለብስበት አንድ ትልቅ ገንዳ አለ፤ ውስጡ ያለው ሰማያዊ ውሃ «ሰማያዊ ጨው» በሚሉት ኮፐር ሰልፌትና በአሲድ የተበጠበጠ ነው። ሌላው ዓለም መጠኑን በመለኪያ ያውቃል። እዚህ ግን አለቃው ጣቱን ይነክርና ምላሱ ጫፍ ላይ ነካ አድርጎ፣ ትፍ ብሎ፣ «ጨው ይጨመር» ወይም «ይበቃዋል» ይላል። አያትየው እንዲህ ሠሩ፤ ያሁኑ አለቃ፣ ልጃቸው፣ ከሳቸው ወረሱ። አሁን ደግሞ ተራው ለእህታቸው ልጅ ደረሰ።

ሠራተኞቹ «እሳቷ» ይሏታል። እናቷ ስትሞትባት አጎቷ ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጓት፤ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችውም እሷ ናት። ሰማያዊው ጨው የብረት ባልዲውን ቂጥ በልቶ ሲጨርስ፣ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ውስጥ ይቀመጥ ያለችው እሷ። ብናኙ ዓይን ያጠፋል ብላ፣ ጓንትና መነጽር ላላደረገ ሰው ከረጢት አታስከፍትም። አንዱ የቆሸሸውን ውሃ ቦይ ውስጥ ሊደፋ ሲል «ታች ያለው ዓሣ ምን በደለህ?» ብላ ባልዲውን ከእጁ ነጥቃዋለች። አጎቷ ቀምሰው ከሄዱ በኋላ ገንዳውን በመለኪያ የምታስተካክለውም እሷው ነበረች። ይህን ከሳቸው በቀር የማያውቅ አልነበረም።

አለቅነቱን ትፈልገዋለች፤ ለምን ይዋሻል? ውስጧ እስኪቃጠል ትፈልገዋለች። ለመቅመስ ግን ሞቼ ነው ቆሜ ብላለች።

የርክክቡ ዕለት ከምሳ በኋላ ሁሉም ገንዳውን ከቦ ቆመ። የአጎቷ ሚስት እትዬም የባላቸውን ምሳ ዕቃ ይዘው በሩ ላይ ቀርተዋል። አጎቷ ቁልፉን አንጠልጥለው «ነይ እንግዲህ፣ ቅመሽና ተረከቢ» አሉ።

«እረከባለሁ። አልቀምስም።»

«ምን አልሽ?»

«መርዝ ነው ጋሼ። አሲድም አለበት። ይኸው መለኪያው፤ ምላስ አይጠይቅም።»

«ወግ ነው! መርዝ ቢሆን እኔ እስከ ዛሬ እቆም ነበር?»

«በየጠዋቱ ሲያስመልስዎት ግድግዳ አልፎ ይሰማል እኮ።»

«እሱ ጨጓራ ነው!»

«ጨጓራውንስ ማን አመጣው?»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የአጎቷ ፊት ቀላ።

«ስሚ ልጄ፣ ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል። ትቀምሻለሽ ወይስ ልጄን ልጥራ?»

«ይጥሩት!»

ልጃቸውን ቤቱ ሁሉ «ሞልቃቃው» ይለዋል፤ ጎልማሳ ነው፣ ግን ፀሐይ ካልሞቀች ከአልጋው አይነሳም። የማያውቀውን ሥራ ሊወርስ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ያለ ጓንት፣ ጣቱን ገንዳው ውስጥ ነከረ። ወደ አፉ ሲያነሳው እሳቷ ዘልላ የእጁን አንጓ ጨመደደችው።

«ልቀቂኝ!»

«ውሃ አምጡ፣ እጁን ይታጠብ!» ብላ ጮኸች። ማንም አልተነቃነቀም፤ ሁሉም ጋሼን ያያል።

«ቅናት ነው» አሉ አጎቷ። «ወንበሩ ሲያመልጣት ጊዜ ነው!»

«ቅናትማ አለ! ከልቤ እፈልገው የለም ወይ?» እጁን ሳትለቅ ወደ አጎቷ ልጅ ዞረች። «ውሰደው፣ ያንተ ይሁን። ከነገ ጀምሮ አለቃዬ ሁንና እዘዘኝ። ግን ይህቺን ጣት አትልሳትም! አብረን ነው ያደግነው። ሞልቃቃ ብትሆንም የኔ ሞልቃቃ ነህ።» አንጓውን ይበልጥ አጠበቀችው።

«ውጪልኝ ከቤቴ!» አሉ አጎቷ።

«ተው አንተ ሰው» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። እትዬ ናቸው፤ በባላቸው የሥራ ቦታ ቃል ተንፍሰው አያውቁም። «ምሳህ እንዴት ነበር?»

«አሁን የምሳ ወሬ ነው?»

«ንገረኛ!»

«እንደ ወትሮው ነዋ። እጅሽ ይባረክ፣ ይጣፍጣል።»

«ጨው አልነካውም» አሉ እትዬ። «ዛሬ ብቻ መሰለህ? ጨጓራህ ከባሰብህ ወዲህ ጨው ጨምሬበት አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ ምን ጎደለው አላልከኝም። ባለፈው ተሳስቼ ስኳር ጨመርኩበት፣ እሱንም መረቅክልኝ። በዚህ ምላስ ነው ገንዳ የምትለካው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰዉ በሳቅ ይፈነዳ ነበር። አሁን የሳቀ የለም። አጎቷ ምላሳቸውን አፋቸው ውስጥ ሲያገላብጡት ጉንጫቸው ላይ ይታያል፤ የሆነ ነገር የጠፋበት ሰው ኪሱን እንደሚዳብስ። ከዚያ የልጃቸውን ጣት አዩ። ሰማያዊዋ ጠብታ ገና ጫፉ ላይ ነበረች።

እሳቷን አልፈው የልጃቸውን አገጭ ያዙ።

«አፍህን ክፈት!»

«አባዬ፣ አልቀመስኩም እኮ...»

«ክፈት አልኩህ! ምላስህን አውጣ!» ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፤ አላመኑም፤ ደግመው አዩት። «አንቺ፣ ነይ እስቲ እይልኝ። ነክቶታል?»

«አልነካውም ጋሼ» አለች።

የልጃቸውን አገጭ ሳይለቁ ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ።

«ምን ትገተራላችሁ? አለቃችሁ ውሃ ስትል አልሰማችሁም?»