የኖርዞቹ ሦስተኛ ሸክላ

በዚያ ዘመን ፓርቲ በቀን ነበር። ሰዓት እላፊ ስላለ ወላጆች ልጅ ማስመሸት ይፈራሉ። ስለዚህ እኛ የቦሌ ሚካኤል ልጆች እሁድ ከሰዓት እንሰበሰብና መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነን ቀኑን እናስመሸው ነበር። ውጭ ፀሐይ ነው፤ ውስጥ ቀይ ወረቀት የተጠቀለለበት አምፖል ይበራል። ለመውጣት በሩን ስንከፍት ብርሃኑ ዓይናችንን ይወጋን ነበር።

በሰባ ስምንት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ እንዲህ ባለ አንድ እሁድ የተሰበሰብነው ለወንድሜ ለአረጋዊ ብለን ነው። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና መልምሎት ሰኞ ጠዋት ሊሄድ ነው። ሽኝት ብሎ የጠራው ግን አልነበረም፤ እናታችን ቃሉን አትወደውም። አረጋዊም የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመሄዱ በፊት የኖርዞቹን ሦስተኛ አልበም መስማት።

ኖርዝ ዊንዶው የሚባሉት አራት እንግሊዛውያን ልጆች ናቸው። ፀጉራቸው ዓይናቸውን ሸፍኖታል፤ በዕድሜ ከእኛ ብዙም አይበልጡም። ወደ ሰፈራችን ያስገባቸው አረጋዊ ነው፤ "ኖርዞቹ" ያልናቸው እኛ ነን። በሁለቱ አልበሞቻቸው ያልዘለለ የሰፈር ልጅ አይገኝም። አዲስ ሸክላ ሲመጣ ደግሞ ደንብ ነበረን። ማንም ቀድሞ ብቻውን አይሰማም። አንደኛው ፊት ቁጭ ተብሎ፣ ሳይወራ ይደመጣል፤ ጭፈራው የሚጀመረው ሸክላው ሲገለበጥ ነው።

ሸክላውን ያመጣችልን ጎረቤታችን ሸሪፋ ናት፤ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ነበረች። ቅዳሜ ከለንደን ገብታ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር በአጥሩ በኩል ለአረጋዊ አቀበለችው።

"ሻንጣዬ ውስጥ ከቀሚሶቼ ይበልጥ የተመቸው እሱ ነው" አለችው። "ቢሰበር እኔው ልዘምትልህ ነበር።"

እሁድ ቤታችን በሰው ከሞላ በኋላ ኃይለኪሮስ ማጫወቻውን ሊሞክር አዞረው። የወንድሜ የልብ ጓደኛ ነው፤ ማጫወቻውም የእሱ ነው። ሰሃኑ አንድ ጊዜ ዞሮ ቆመ። ሞተሩንና ሰሃኑን የሚያያይዘው ቀጭን ቺንጋ ተበጥሷል። በእሁድ ቀን ቺንጋ ከየት ይመጣል? ወንድሜን አየሁት፤ እሱ ሰዓቱን ያያል።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ጎሚስታ እሁድም ይሠራል። ኃይለኪሮስ ሮጦ ሄደና ከመኪና የውስጥ ጎማ እንደ ቀለበት የተቆረጠ ቀጭን ጎማ ይዞ ተመለሰ።

"የላንድሮቨር ነው" አለ እያለከለከ። "ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ሸክላ ዳገት ይወጣል።"

ጎማው ላላ ያለ ነበር፤ ቢሆንም አዞረ። መርፌው ወረደ፤ ሁላችንም እንደ ደንባችን ተቀመጥን።

ጊታሩ ቀስ ብሎ መጣ። ከበሮው ጭቃ ላይ እግሩን እየመረጠ እንደሚሄድ ሰው ነው። ቀጥሎ ዘፋኙ ገባ፤ ያ በቀጭን የልጅ ድምፁ የምናውቀው ዘፋኝ የጎልማሳ ድምፅ አውጥቷል። እርስ በርስ ተያየን።

"አሟቸዋል እንዴ?" አለች የሰፈራችን ልጅ ምንትዋብ።

"አርጅተው ነው" አለ ከኋላ አንዱ። "ቀጣዩን በከዘራ ነው የሚዘፍኑት።"

"ዝም በሉ" አለ አረጋዊ። ከማጫወቻው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ አገጩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚዞረውን ሸክላ ያያል። "አላረጁም። አደጉ እንጂ።"

ሸክላው ሲገለበጥ ለመዝለል የተነሱት ምን እንደሚያደርጉ ጠፋቸው። እግራቸው ከዘፈኑ ይቀድማል። ጥቂት ተሳሳቁና ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ተቃቅፈው ቀስ እያሉ መዞር ጀመሩ። አረጋዊ ምንትዋብን አስነሳት። ከዚያ በፊት አብረው ሲጨፍሩ አይቼ አላውቅም፤ በዝላዩ ዘፈን እሷ ወንበሯን አትለቅም ነበር። በብርድ ልብሱ ጠርዝ የሚገባው ብርሃን ቢጫ እስኪሆን ድረስ እየመላለስን አጫወትነው። ኃይለኪሮስ እግረ መንገዱን በካሴት ቀዳውና ሰኞ ጠዋት አረጋዊ በሸሚዝ ኪሱ ይዞት ሄደ።

ከዚያ በኋላ የኃይለኪሮስ ቅጂ ተባዛ፤ የቅጂውም ቅጂ። በቦሌ ሚካኤል በየግቢው የሚሰማ እሱ ሆነ፤ ስሙን የሚጠራ እንኳ ጠፋ፣ "ሦስተኛው" ብቻ ይባላል። እናቴ ሳትቀር "ያንን የወንድምሽን ክፈቺልኝ" ትለኝ ጀመር። "ሰውየው የሚለው ባይገባኝም አያጣድፈኝም።"

ክረምት ላይ አንድ ቀን ዝናብ ያዘኝና ሃያ ሁለት ሰፈር አንድ ሙዚቃ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ውስጥ አንድ የሚጣደፍ ዘፈን ይሰማል፤ የልጆች ድምፅ ነው። ጊታሩን የማውቀው መሰለኝ። ከበሮውንም። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ምን እንደሆነ ገባኝና ወደ ውስጥ ገባሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት ሻጩን።

"የኖርዝ ዊንዶው ሦስተኛ። አታውቂውም?"

"ቴፕህ ይሮጣል።"

"ቴፔ አዲስ ነው፣ እህቴ። የቦሌ ሚካኤል ልጅ መሆን አለብሽ፤ ሁላችሁም እንዲህ ትላላችሁ። ቤታችሁ ያለውን አስፈትሹት።"

ለካ ክርክሩ ቀድሞኝ ተጀምሯል። የሃያ ሁለት ልጆች የእኛን "የታመመው" ይሉታል፤ የእኛዎቹ የእነሱን "ሽንቱ የመጣበት"። ሸሪፋን ስጠይቃት አውሮፕላን ላይ የተረሳ የእንግሊዝ መጽሔት አምጥታ አነበበችልኝ። ጸሐፊው ሦስተኛውን አልበም አልወደደውም። አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደሚሮጥ ሰው ልጆቹ ለምን ይህን ያህል እንደቸኮሉ አልገባኝም ይላል።

የእኛን ያዘገየው ያ የላላ ጎማ ኖሯል። ትክክለኛውን ካሴት ገዛሁና መሳቢያ ውስጥ ደበቅሁት። አረጋዊ አንዲት የተሳሳተች ኖታ የማያሳልፍ ሰው ነው። እዚያ ሰሜን ጦር ግንባር ምሽግ ውስጥ ሆኖ "አደጉ" ያላቸው ልጆች ያላደጉ መሆናቸውን እንዴት እነግረዋለሁ? ብነግረው ያንን እሁድ የምወስድበት መሰለኝ። ዝም ብል ደግሞ፣ ከሃያ ሁለት ልጆች አንዱ እየሳቀ ይነግረዋል።

ከሄደ ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ግራ ክንዱን ቆስሎ ለሕክምና መጣ። ከስቷል፤ ክንዱ በፋሻ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ምግብ ሲቀርብለት ቶሎ ቶሎ ይበላና እናቴን ቀና ብሎ ሲያይ ያፍራል። የመጀመሪያው እሁድ ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ስንሆን መሳቢያውን ከፈትኩ።

"አንድ ነገር ላሰማህ። እንዳትናደድ።"

የመጀመሪያውን ዘፈን ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ ሳቀ፤ ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

"እንዲህ ኖሯል" አለ። "እኔስ ከዚህም የባሰ የሚሮጥ መስሎኝ ነበር።"

"ታውቅ ነበር?"

"ሸክላው መሐል ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ነው፤ ሲዞር ዓይን አይዘውም። ያን ቀን ግን እየዞረ የአራቱንም ልጆች ስም ከነአባታቸው አነበብኩት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ኃይለኪሮስ ጎማውን ያጠብቀው ነበር እኮ።"

መስኮቱን አየ።

"ያጠብቀው ነበር" አለ። "ከዚያስ? ፈጥኖ ያልቃል። እሱ ቀስ ሲል እሁዱም አብሮት ቀስ ያለ መሰለኝ።" ቀጥሎም "ምንትዋብም በፈጣን ዘፈን አትነሳም" አለኝ።

"የያዝከው ካሴትስ የት ደረሰ?"

"እዚያ ቀረ፤ የምሽጉ ልጆች አልለቅ አሉኝ። ባትሪ ሲደክም ከያን ቀኑም ይዘገያል፤ ያኔ ነው ይበልጥ የሚወዱት።"

ተነስቶ በደህናው እጁ ካሴቱን ከቴፑ አውጥቶ ሰጠኝ። ስለ ሌላኛው አልጠየቀኝም፤ እኔም ምን እንደሚፈልግ አልጠየቅሁትም። የኃይለኪሮስን ቅጂ አስገባሁለት። እሱ ከአልጋዬ ላይ ብርድ ልብሱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። በአንድ እጁ አንዱን ጫፍ ሚስማሩ ላይ ሰቀለና ሌላውን እንድይዝለት ዞር ብሎ ጠበቀኝ።

ውጭ ገና ፀሐይ ነበር።