ጋሼ የረጩት መኖ

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ንጽሕና ይወዳሉ። ወደው ቢቀሩ ምንኛ ጥሩ ነበር! ቤተሰቡ በሌሉበት «ጋሽ መጥረጊያ» ይላቸዋል፤ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የዶሮ እርባታዬን መጋዘን የሚጠብቁልኝ እሳቸው ናቸው። እርባታው ደግሞ የቆመው እንቁላሎቼ ላይ በተለጠፈች «ኦርጋኒክ» በምትል ምልክት ነው። ዶሮዎቼ መርዝ የነካው መኖ ከበሉ ምልክቷ ትነሳለች፤ ደንበኞቼም አብረዋት ይሄዳሉ። መኖው ከባሕር ማዶ ተጭኖ ይመጣል። የመንግሥት ተቆጣጣሪ ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ ሳያስመረምረው አንዲት ፍሬ አትነካም። አዲሱ ጭነት መጋዘን ገብቶ ምርመራ ሲጠብቅ የበፊቱ ሊያልቅብኝ ደርሶ ነበር።

ተቆጣጣሪው በሚመጣበት ጠዋት መጋዘን ስገባ ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ፈገግ ብለዋል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ነቀዝ ጆንያው ላይ ሽር ሽር ሲል አገኘሁት። የመንግሥት ሰው ሊመጣ እንዲህ ይታያል? ረጨሁበታ!»

«መርዝ?»

«ኧረ መርዝ አይደለም! የነቀዝ መድኃኒት ነው።»

«ጨረሱኝ እኮ! ምናለ አንድ ቀን እንኳ እጅዎን ቢሰበስቡ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ደግነቱ፣ መጋዘኑ ሁለት ክፍል ነው፤ የውስጠኛውን በር ሳይከፍቱ መድኃኒቱ አልቆባቸዋል።

ወዲያው ተቆጣጣሪው ደረሰ። ካፉ ከማይጠፋው ቃል የተነሳ «ቀስ በሉ» እንለዋለን። አሠራሩን አውቀዋለሁ፤ ጫፉ የሾለ ቱቦውን በየጆንያው እየሰካ ያወጣውን ሁሉ አንድ ባልዲ ውስጥ ይቀላቅላል፤ የሚመረመረው ድብልቁ ነው። አንዱ ከተበከለ ሁሉም ወደቀ ማለት ነው።

ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። «ናሙናውን ከውስጠኛው ክፍል ብቻ ቢወስዱስ? እዚህ ብርሃን የለም» አልኩት። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ግንባሬን ትለበልበኛለች።

«ቀስ በሉ እትዬ» አለና ቱቦውን ወደ ፊተኛው ጆንያ አስጠጋ።

«ቆይ ልጄ» አሉ ጋሼ። «እዚህ ክፍል ያሉትን መድኃኒት ረጭቼባቸዋለሁ። እሷ አልነበረችም። ነቀዝ አይታችሁ እንዳትታዘቡን ብዬ ነው።»

ቀስ በሉ ቱቦውን ዝቅ አደረገ። «አባቴ፣ ነቀዝ በወንፊት ይወጣል፤ ዶሮም አይጠላውም። መርዙን በምን እናውጣው? እኔ እኮ ነቀዝ በሕይወት ሲሄድ ሳይ ደስ ነው የሚለኝ፤ መኖው መርዝ እንዳልነካው ያሳየኛላ።»

የፊተኛውን ክፍል ጆንያ በሙሉ አሸገ። ከውስጠኛው ክፍል ለብቻው ናሙና ወስዶ ሄደ።

ውጤቱ እስኪመጣ ጋሼ ደጄን አልረገጡም፤ እኔም አልጠራኋቸውም። ተናድጄባቸው ነበር። ከንዴቴ ግን ሐፍረቴ ይበልጥ ነበር፤ እውነቱን የተናገሩት እሳቸው፣ ልሸፍን የሞከርኩት እኔ። ዶሮዎቹ የበፊቱን መኖ ርጋፊ እየለቀሙ ቀና ብለው ያዩኛል።

በመጨረሻ ቀስ በሉ ደወለ። «የፊተኛው ይወገዳል። የውስጠኛው አልፏል።» ግማሹን መኖ አጣሁ፤ ምልክቷ ግን ተረፈች። በቀጥታ ጋሼ ቤት ሄጄ እጃቸውን ይዤ መጋዘን አመጣኋቸው።

የውስጠኛውን ክፍል ከፍተን የመጀመሪያውን ጆንያ ስፈታ አንድ ነቀዝ ብቅ አለና እጄ ላይ ወጣ። የጋሼ መዳፍ ሳያስቡት ተነሳ። ከዚያ አየር ላይ ቆመ፤ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«ይተዉት ጋሼ» አልኳቸውና በሌላው እጄ መዳፋቸውን ይዤ ነቀዙ ወዳለበት ጣቴ አስጠጋሁት።

ነቀዙ ቀስ እያለ ከእኔ ጣት ወደ እሳቸው ተሻገረ። ጋሼ ዓይናቸውን ጭፍን አደረጉ፤ አላራገፉትም።