ከመሸ የተወሰደ ደም

አናጢው ካርዱን ባይጥል ኖሮ ምንም አናውቅም ነበር።

የመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። ቆዳ የሚያሳክከውንና ዓይን የሚያጠፋውን ትል የሚገድል ኪኒን የምናድልበት ሳምንት ስለነበር የጤና ጣቢያው በረንዳ በሰው ተጨናንቋል። ደናችን ውስጥ ግን ሌላም ትል አለ። በዝንብ ንክሻ ይገባል፣ አንዳንዴም በዓይን ነጩ ላይ እየተሳበ ሲያልፍ ይታያል፤ የዓይን ትል እንለዋለን። የዚህኛው ግልገሎች ደሙ ውስጥ የበዙበት ሰው ያንን ኪኒን ከዋጠ፣ ትሎቹ ባንድ ጊዜ ይረግፉና አንጎሉን ይጎዱታል። ስለዚህ መጀመሪያ ደም ይታያል፣ ውጤቱ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ኪኒኑ ከዚያ በኋላ ነው።

"ካርድህስ?" አልኩት አናጢውን።

"ከሳንቃው ጋር ልጌው ይሆናላ። ትናንት ታይቼ ንጹህ ነህ ተብያለሁ፤ ኪኒኑ አልቆ ነው ዛሬ ና የተባልኩት።"

"እንግዲያው አንድ ጠብታ ደም አትነፍገኝም" ብዬ ጣቱን ወጋሁት። ካርድ የሌለውን በቃሉ ማመን አልወድም፤ ሰዎች ክፉ ነሽ የሚሉኝም ለዚህ ነው።

ማይክሮስኮፑ ስር ደሙ ይርመሰመሳል። መቁጠር ጀምሬ ተውኩት። ቀና ብዬ ጉጉትን ጠራሁት።

ጉጉት የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ነው። ስሙን ያወጣንለት ዕድሜውን ሙሉ ዝሆኔ ላይ ስለሠራ ነው። የዝሆኔ ትል ግልገሎች ደም ውስጥ ብቅ የሚሉት በጨለማ ስለሆነ፣ እሱም ፋኖስ ይዞ ሰው ሊተኛ ሲል በር ሲያንኳኳ ኖሯል። ቅጽል ስሙን ወዶት ስልክ ሲያነሳ እንኳ "ጉጉት ነኝ" ይላል።

"ይህን ሰው ትናንት ያየኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ። አንድም ትል አልነበረውም።"

"መቼ ነው ያየኸው?"

"ትናንት ማታ፣ ከዋርሳሽ ጋር ነዋ። አማትሽ ቤት ጎራ ስል ጎረቤት ነው ብለው እሱንም..." አለና ዞሮ የግድግዳውን ሰዓት አየ።

የዓይን ትል የዝሆኔ ተቃራኒ ነው። ፀሐይ ስትጠነክር ደም ውስጥ ይዋኛል፣ ሲመሽ ሳንባ ውስጥ ይደበቃል። ከመሸ የተወሰደ ደም ንጹህ ቢመስል ምንም ማለት አይደለም። ይህን ለእኛ ያስተማረን ራሱ ጉጉት ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ፣ እጁ ለዓመታት የለመደውን ጨለማ ተከትሎ ሄደ።

የላክሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ግንድ የሚጭን የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ትናንት መጥቶ ዛሬ ንጋት ላይ ሊወጣ ነበር። አማቴ "አንቺን የመሰለች ምራት እያለችኝ ልጄ ቆዳውን ሲያክ ይደር?" አሉኝ። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልናገር። ጉጉትን ወደ ቤትህ ስታልፍ እየው አልኩት። ሰዓቱ ትዝ አላለኝም።

"ኪኒኑን ዋጠ?"

"እፊቴ ነው የዋጠው። የመጨረሻውን የሰጠሁት ለሱ ነው።"

ደወልኩለት። ስልኩ ዝግ ነው። ዋርሳዬ መሪ ከጨበጠ ስልክ አይከፍትም፤ መንገድና ወሬ አይስማሙም ባይ ነው። አማቴ ጋ ደወልኩ።

"እማማ፣ ጋሼ ሲወጣ ደህና ነበር?"

"ወገቤን ቆረጠኝ ሲል ነበር። ምነው?"

"ዛሬ የትኛውን መንገድ ነው የያዘው?"

"ወደ ጭነት ሚዛን ጣቢያው ነዋ። ልጄ ምን ሆነ? ድምፅሽ ምን ሆኗል?"

መኪና ሊገለብጥ ይችላል፣ ሰው ሊገጭ ይችላል፣ ራሱን ሊስት ይችላል ብዬ ለእናት እንዴት ልናገር? "ደርሼ እደውልልዎታለሁ" ብዬ ዘጋሁ።

የጤና ጣቢያውን መኪና ጉጉት ነው የነዳው። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ "እኔ የምልሽ" አለ። "ለተጨማሪ ምርመራ ነው ብንለውስ? ተሳስተን ነው ካልን ነገ ያንን ኪኒን የሚውጥ ሰው አናገኝም። ስንት ዓይን ይጠፋል፣ አስቢው እስቲ።"

"ለተጨማሪ ምርመራ ብሎ ጭነቱን ጥሎ የሚወርድ ሹፌር አይተህ ታውቃለህ?"

"ላንቺ ብሎ ይወርዳል።"

"ለኔ ብሎማ ዋጠው።"

ደሜ ፈልቷል። ግን የሚያናድደኝ ሐሳቡ ትክክል መሆኑ ነበር፤ ሰው ይሸሻል። ከፊታችን የሚታጠፈውን እያንዳንዱን የግንድ መኪና የሱ እየመሰለኝ ገደሉን ቁልቁል አያለሁ።

ሚዛን ጣቢያው ላይ ደረስን። ከባድ መኪናዎች ለመመዘን ከጠዋት ጀምረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። የሱ መኪና ከፊተኞቹ አንዱ ነበር፤ ሞተሩ አልጠፋም። በሩ ላይ ተንጠላጠልኩ።

"ዶክተሯ! ምን እግር ጣለሽ?" አለ። ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ ነው እንዲህ የሚለኝ። ፊቱ ወዝቷል፤ ትኩሳት እንዳለው ሳልነካው አወቅሁ።

"ጋሼ፣ ሞተሩን አጥፋና ውረድ።"

"ተራዬ ደርሶ?"

"ውረድ አልኩህ።"

"ትናንት ንጹህ ነህ አላችሁኝ። ዛሬ ደግሞ ከኋላዬ እየበረራችሁ ትመጣላችሁ። የቱን ልመን?"

ሌሎቹ ሹፌሮች መስኮት ዝቅ አድርገው ያዳምጣሉ። ጉጉት ከኋላዬ ቀሚሴን ሳብ አደረገኝ።

"የዛሬውን እመን" አልኩት፣ ሁሉም እየሰማ። "ትናንት ተሳስተናል። ደምህ መታየት የነበረበት በቀን ነው፤ በማታ አየነው። ጎረቤትህ አናጢው ደሙ በትል ተሞልቶ ተገኘ። ያንተም እንደሱ ከሆነ ኪኒኑ ራስህን ሊያስትህ ነው። መሪ ላይ ሆነህ እንዲደርስብህ አልፈልግም።"

ሳቁ ጠፋ።

"መድኃኒት አለው?"

"ማርከሻ የለውም። ማስታመም ብቻ ነው። ከተኛና ከተጠበቀ ብዙ ሰው ይድናል።"

ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ነቀለና ወረደ። መሬት ሲረግጥ ወደ ጎን ተንገዳገደ፣ ጉጉት ደገፈው። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ፤ ኪሱን ይዳብሳል፣ ሸሚዙን ይዳብሳል።

"ቁልፉን የት አደረግሁት?" አለኝ።

ቁልፉ በእጁ ነበር። አሳየሁት። አየው፣ ምን እንደሆነ ግን የገባው አይመስልም። ከኋላችን ያለው ሹፌር ሲነፋው የነበረውን ክላክስ ተወው። ዋርሳዬ አስር ደቂቃ ቢቀድመን ኖሮ ቁልቁለቱ ላይ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ መናገር አቁሟል። በማግስቱ ስሙን ሲጠሩትም ዓይኑን አይገልጥም። በረንዳችን ላይ ሰው አልተሰለፈም፤ ወሬው ከኛ መኪና ቀድሞ ገብቷል። ጉጉት ሳይጠየቅ ለአለቆቻችን ሁሉን ተናገረ፤ ከሥራ ታገደ፤ ማታ ማታ ግን እየመጣ ሆስፒታሉ በር ላይ ይቆማል፣ አይገባም።

አማቴ አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" ብለው አቋረጡኝ። ጨርሼ ለማልቀስ እንኳ ፊት አልሰጡኝም። ልክ ናቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የማስታመም ሥራው አንድ ነው፦ ጎኑ እንዳይቆስል ማገላበጥ፣ አፉን ማርጠብ፣ ማጽዳት፣ እንደገና ማገላበጥ። ነርሷ ከአንድ በላይ ክፍል ነበረባት፤ አማቴ ደግሞ ያንን የሚያህል ሰውዬ ብቻቸውን ሊያዞሩት ይታገላሉ። በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ልግባ ብል ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ።

አንድ ከሰዓት ትከሻውን ይዘው ሞክረው ሞክረው አቃታቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ልጃቸው ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲያዩኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

"ይቅር አልልሽም" አሉ። "ነይ፣ በዚያ በኩል ያዢው።"

ሄጄ ያዝኩት። እሳቸው ትከሻውን፣ እኔ ዳሌውን። እኩል ሳብነው። ከብዶን ስለነበር ድንገት አዞርነውና አልጋው ተንጓጓ።

"ቀስ በሉ እንጂ" አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በሻከረ ድምፅ። "ግንድ አደረጋችሁኝ።"

አማቴ አልጮኹም። ትከሻውን እንደያዙ ግንባራቸውን ጀርባው ላይ አስደገፉ። ቆይተው፣ ቀና ሳይሉ፣ "እንዳትለቂው" አሉኝ።

አልለቀቅሁትም።