የቀለም ባልዲ ጎመን

የሰደበኝ አቶ አምሃ ነው። ጥር አሥራ ሁለት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በብሎካችን ደረጃ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ጋ። የሚካኤል ታቦት የሚገባበት ቀን ስለነበር የአምሃ ቤት እንግዳ ሞልቶ እስከ ደረጃው ድረስ ወጥቷል። እኔ ግማሽ የማዳበሪያ ጆንያ አፈር በትከሻዬ ተሸክሜ ወደ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ። ጆንያው ጥጉ ላይ ተቀዶ ኖሮ አፈሩ ደረጃው ላይ እየተንጠባጠበ ነበር። አቶ አምሃ የቢራ ብርጭቆውን እንደያዘ እኔን አየና ለእንግዶቹ እንዲህ አላቸው፦

«መንግሥት ከጭቃ ቤት አወጣው፤ እሱ ደግሞ ጭቃውን ተሸክሞ መጣ።»

ስድስት ሰው ነበር፤ ስድስቱም ሳቁ። አንዲት ሴትዮ ያዘነችልኝ መስላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነው የሳቀችው፤ እሷ ከሁሉም ባሰችብኝ። መውጣቴን ቀጠልኩ። ግማሽ ጆንያ አፈር የተሸከመ ሰው ለመልስ የሚሆን ትንፋሽ ከየት ያመጣል?

ቂመኛ ነህ ይሉኛል። አልክድም። ሌላው ሰው የልጆቹን ልደት እንደሚያስታውስ እኔ የተሰደብኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህር ሰላሙ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ሰሌዳ ፊት አቁሞኝ፣ መዳፌን ገልብጦ አይቶ፣ ይሄ እጅ ለጠመኔ አልተፈጠረም ብሎኛል። ማክሰኞ ነበር። በዓመቱ ስድስተኛን ጨርሼ ትምህርት ተውኩ። ይሄንንም የምጽፈው በዚያው በስድስተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል ብገድፍ አትታዘቡኝ።

የአምሃ ግን ከሁሉም ይለያል። ጭቃ ብሎ የጠራው የእናቴን አፈር ነበራ።

እናቴ የማርያምወርቅ ትባላለች። ቤታችን ከየካ ሚካኤል ወደ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ከጓሮው ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም አይጠፋም፤ የእናቴ ስም የሚነሳው ግን በጎመኗ ነው። እንደ ገበያው ጎመን አይደለም። አገዳው ሐምራዊ፣ ቅጠሉ ዳር ዳሩን አይጥ የበላው የሚመስል፣ ሲያዩት የማያምር ነገር ነው። ከእንጦጦ የወረደ ውርጭ ያደረበት ጠዋት ግን ሌላ ጣዕም ያመጣል። እናቴ እየዞረች ቅጠሉን ትዳስስና «ዛሬ ቅቤ ጠጥቷል» ትላለች። ያን ቀን ምሳችን ጎመን ብቻ ቢሆንም ማንም አያጉረመርምም።

ዘሩን የምትይዘው ራሷ ነበረች። ከመደቡ ሁሉ ያማረውን፣ ሰው የሚጎመጀውን ሦስት እግር ትመርጥና ቀይ ክር ታስርበታለች። ክር የታሰረበት አይቀጠፍም። እንግዳ ቢመጣ፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሚበላ ቢጠፋም አይነካም። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ርቦኝ ከታሰረው ላይ ሁለት ቅጠል ቀጥፌ ጥሬውን በላሁ። አልመታችኝም። «የሚመጣውን ዓመት ነው የበላኸው» ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

የታሰረው ጎመን አገዳው ይረዝማል፣ ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ከዚያ እንደ ቀጫጭን ጣት ፍሬ ይይዛል። ፍሬው ሲገረጣ ጤዛው ሳይለቀው በማለዳ ትቆርጠዋለች። ፀሐይ ካገኘው ይፈነዳና ዘሩ ይበተናል። እኔ ጨርቁን ዘርግቼ እይዝላታለሁ። ሁለታችንም አንናገርም። በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ብዬ ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። እኔ ጉርድ ሾላ አካባቢ አራተኛ ፎቅ ደረሰኝ። ከቤት ያወጣሁት አልጋዬን፣ ሬዲዮውንና በነጠላዋ ጥግ የተቋጠረውን ዘር ነው። አፈሩን ግን በአንድ ጊዜ አልቻልኩትም። ሰው ባሕር ዛፍ ሥር ያለውን ይዛቅ፤ እሱ ለአትክልት አይሆንም። የእናቴ አፈር አርባ ዓመት ፍግና አመድ የበላ ነው። እየተመላለስኩ በጆንያ አወረድኩት። አምሃ ያየኝ የመጨረሻውን ስሸከም ነበር፤ በሳምንቱ ቦታው በድንጋይ ተሞላ።

በረንዳዬ በቁመት ሦስት እርምጃ፣ በስፋት አንድ እርምጃ ነው። ቀለም ቀቢዎች የጣሉትን ባልዲ ለቃቀምኩ። ታቹን በጋለ ብረት በሳሁት፤ ከሥር ጠጠር፣ ከላይ የእናቴን አፈር። ጀሪካን ለሁለት ቆርጬ ቆስጣና ሰላጣ፣ የተሰነጠቀ ሳፋ ላይ ቃሪያ፣ ጆንያ ውስጥ ድንች። ጎመኑ የሚኖረው ሰማያዊው ባልዲ ውስጥ ነው። ጠዋት ፊቴን ወደ እንጦጦ አዙሬ ውኃ ሳጠጣ አፈሩ ይሸታል። ያኔ ለትንሽ ጊዜ አራተኛ ፎቅ መሆኔ ይጠፋኛል፤ እናቴ ከጓሮ በኩል ስትስል የምሰማት ይመስለኛል።

ከአምሃ ጋር ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም ተባብለን አናውቅም። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለሆነ በስብሰባ ላይ የበረንዳ ውኃ ይንጠባጠባል እያለ ይናገራል፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ። ደረጃ ላይ ሲመጣብኝ ያልተደወለልኝን ስልክ አነሳለሁ። ከሚስቱ ከሃይማኖት ጋር ግን ጠብ የለኝም። ደግ ሴት ናት፤ ጋሽ ዓምዴ እያለች ነው የምትጠራኝ።

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነገር ተበላሸ። የቋጠርኩት ዘር አረጀብኝ። ያለኝን ሁሉ ብዘራው አራት ፍሬ ብቻ በቀለ፤ ከአራቱ ሦስቱን የጎመን ቅማል ጨረሰው። የቀድሞ ጎረቤቶቼን እየደወልኩ ጠየቅሁ። ግማሾቹ አርፈዋል፤ ያሉትም ጎመን የሚገዙት ከገበያ ነው። ልደቱ የሚባል አብሮ አደጌ፣ አንተ አሁንም ጎመን ላይ ነህ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ሚያዝያ ሃያ ሦስት ነበር። እንግዲህ የእናቴ ጎመን በዓለም ላይ የቀረው ያ አንዱ እግር ነው። ቀይ ክር አሰርኩበት። አበበ፣ ፍሬ ያዘ፣ መገርጣት ጀመረ። ልክ ሊደርስልኝ ሲል የኩላሊት ጠጠር ጣለኝና ሆስፒታል አስተኙኝ።

ሃይማኖት ልትጠይቀኝ መጣች። የቤትዎን ቁልፍ ይስጡኝ፣ አትክልቱን ላጠጣልዎት አለችኝ። እግዜር ይስጥሽ ብዬ ሰጠኋት። ስለ ዘሩ ልነግራት አፌን ስከፍት ነርሷ መርፌ ይዛ ገባች፤ ከዚያ በኋላ ረሳሁት። ያችን ነርስ እስከ ዛሬ አልወዳትም፤ ምንም ያደረገችኝ ነገር ግን የለም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቤቴ ስገባ በረንዳው ተጠርጓል፣ ቃሪያው አፍርቷል። ሰማያዊው ባልዲ ባዶውን ተቀምጧል። ጠረጴዛዬ ላይ ክዳኑ የታጠበ የማር ብልቃጥ ተቀምጧል፤ ውስጡ የተፈጨ ጎመን ዘር ነው። ከኋላዬ ሃይማኖት ሾርባ ይዛ ገባች። ደርቆ ሊረግፍ ሲል ደረስኩበት፣ ለምጣድ ማሰሻ እንዲሆንዎት ፈጨሁልዎት፣ የገበያው ንጹሕ አይደለም አለችኝ። ደስ ብሏታል። እኔ እንጀራ የምገዛው ከሱቅ ነው፤ ምጣድም የለኝም። ብልቃጡን ገልብጬ፣ ገልብጬ አየሁት። ሳይፈጭ ያመለጠ አንድ ፍሬ አልነበረም።

አመሰገንኳት። ሾርባውንም ጠጣሁ። ከሄደች በኋላ ግን በሩን ዘግቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ። የሚመጣው ዓመት በብልቃጥ ተከድኖ ፊቴ ተቀምጧል።

በዚያው ክረምት ወረዳው እያንዳንዱ ብሎክ ባለው ቦታ አትክልት ይትከል አለ። አምሃ አሮጌ የመኪና ጎማዎች አስመጥቶ፣ ቢጫና አረንጓዴ አስቀብቶ፣ ግቢው ውስጥ አስደረደረ። አፈር ራሱ ሲዝቅ ከበረንዳዬ አየሁት፤ የዚያን ቀን እንቅልፍ በደንብ ወሰደኝ። ቆስጣ ተከለ፣ ሰላጣ ተከለ። መስከረም ላይ ዳቦ ልገዛ ስወርድ ግን ዓይኔ ከዳር ያለው ጎማ ላይ ቀረ። ከቆስጣው መሃል ሐምራዊ አገዳ ወጥቷል፤ ቅጠሉ ዳር ዳሩን አይጥ የበላው ይመስላል።

ሃይማኖት ዘሩን ካራገፈች በኋላ ገለባውን የጣለችው ግቢው ጥግ መሆን አለበት፤ አምሃ ለጎማው አፈር የዛቀውም ከዚያው ነበር። የጎማውን ጠርዝ ይዤ ቁጢጥ አልኩ። ዘበኛው ሰርፀ አሞዎት ነው ወይ ብሎ ወንበር አመጣልኝ፤ ተቀምጬ ጎመኑን ብቻ አየው ነበር።

በቀላሉ መጠየቅ ነበር። ለሃይማኖት ብነግራት ደግሞ ምን እንዳደረገች ልታውቅ ነው፤ እሷን ማሳዘን አልፈለግሁም። አምሃን ልለምን? ያን አፌ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ዝም ብዬ እጠብቀው ጀመር። ሁለት ወር ሙሉ በቀን አራት ጊዜ ዳቦ ልገዛ ወረድኩ። አገዳው ሲረዝም ጭንቀቴ ባሰ። የከተማ ሰው ጎመን ሲያብብ ያየ እንደሆነ አረጀ ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። ኅዳር አሥራ አንድ ማለዳ፣ ሰርፀ ውኃ ሊቀዳ ሲሄድ ጠብቄ፣ ቀይ ክር አሰርኩበት። እናቴ ካሰረች ማንም አይነካም ነበር። ያንን ደንብ የሚያውቀው የእናቴ ቤት ብቻ መሆኑ እንዴት እንዳልታየኝ እንጃ።

በማግሥቱ ኅዳር ሚካኤል ነው። ነዋሪው እንደ ወጉ ቆሻሻውን ጠርጎ ግቢው መሃል እሳት ለኩሷል። ለንግሥ ልሄድ ጋቢዬን ለብሼ በረንዳ ላይ ብወጣ ከታች ሰዎች ጎማውን ከበዋል። አምሃ ቢላዋ ይዟል፣ ሃይማኖት የጠበል ጠርሙስ ይዛለች። የታመመ ጎኔን ደግፌ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ስደርስ ሰርፀ ለሰዎቹ ያስረዳል። ክሩን ያገኘው እሱ ነው፤ ሌሊቱን መተት አስረውበታል ይላል። አምሃም ባለ ዲግሪው ሰውዬ፣ ለካ ደም ግፊቴ በዚህ ወር የጨመረው፣ መኪናዬም ሁለቴ የቆመችው እያለ ይቆጥራል። ጎመኑ ከሥሩ ተቆርጦ እሳት ውስጥ ይግባ ተባለ። አምሃ ጎንበስ ብሎ አገዳውን ያዘ።

«ተወው» አልኩ። «ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ። መተት አይደለም። ዘር እንዲይዝ ነው፤ የእናቴ ጎመን ነው።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። የሰው አትክልት ላይ ተደብቄ ክር ማሰሬን በስምንት ሰው ፊት በራሴ አፍ ተናገርኩ። ሰርፀ ጋሽ ዓምዴ መተተኛ ሆኑ ብሎ ተሳለቀ፤ ጥቂቶቹ ሳቁ። ሃይማኖት ግን አልሳቀችም። ጎመኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ ጋሽ ዓምዴ» አለች ቀስ ብላ። «ያ… ያ ብልቃጥ?»

«ምንም አይደለም፣ ልጄ» አልኳት።

አምሃ አገዳውን ለቀቀው። ቀና ብሎ ጉልበቱን አራገፈና ማንም እንዳይነካው፣ ዘር እስኪይዝ ይቆይ አለ። ለሰርፀም እንዲጠብቀው ነገረው። የወረድኩበት ጉዳይ አለቀ ብዬ ፊቴን ላዞር ስል ጠራኝ።

«ዓምዴ፣ ድምፅህን ረስቼው ነበር እኮ» አለኝ። ሰዎቹ እንደገና ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ጠጋ አለኝ። «ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው ሰላም የማትለኝ። ሃይማኖትንም ስንቴ ጠይቄያታለሁ። እውነቱን ንገረኝ፤ ምን አድርጌህ ነው?»

ዓይኑን አየሁት። አላፌዘም። አያስታውሰውም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቢራ ብርጭቆውን፣ የሳቁትን ስድስት ሰዎች ይዤለታለሁ። መልሱንም በእነዚህ ዓመታት አንድ በአንድ ስዬዋለሁ፤ አንዳንዱ እስከ ልጅ ልጁ የሚያሳፍር ነው። ሰዎቹ አፌን ይጠብቃሉ። ቢላዋው እጁ ላይ ነው፣ እሳቱ በሁለት እርምጃ ላይ ነው፣ አበባው ገና ቢጫ ነው። ዘሩ እስኪደርቅ ሁለት ወር ይቀረዋል።

ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ መለስኩና በጭሱ መሃል አልፌ በግቢው በር ወጣሁ።